ስሙ የተፋቀው ካሜራ

በካሜራው አናት ላይ የፋብሪካው ስም የነበረበት ቦታ በሞረድ ተፍቋል። ነጩ ልባጥ ተልጦ ከሥሩ ናሱ ይታያል። በግራና በቀኝ ጎኑ የማንገቻ ቀለበቶች ተበይደውበታል። ከሌንሱ አጠገብ በመሰርሰሪያ የተበሳ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ውስጥም የፍላሽ ገመድ መሰኪያ ገብቷል። ጥቁሩ የፋብሪካ ልባስ ረግፎ አልቆ በፍየል ቆዳ ተተክቷል። የፍጥነት መምረጫው ላይ አንዲት የቀይ ጥፍር ቀለም ጠብታ አለች። እንዲህ ያለ ካሜራ ከየትኛውም ፋብሪካ አልወጣም።

ባለቤቱ በሚዛን ተፈሪ ከንጉሡ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ደርግ እስኪወድቅ፣ ከዚያም በኋላ ዓይኑ እስኪደክም ድረስ ፎቶ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነበር። የአባት ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ከተማው በሙሉ ጋሽ ፎቶ ይለው ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ካሜራው ለሴት ልጁ ቀረ። እሷ ዛሬ መምህርት ናት። የካሜራውን ምስል አዲስ አበባ ላለ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ በስልክ ብትልክለት «ይህ የጀርመን ላይካ ነው፤ የጦር ሠራዊቱ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ የብዙ ወር ደመወዟን የሚያህል ዋጋ ጠራላት። እኔ አሮጌ ካሜራ መፈታታት እንደምወድ ስለምታውቅ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ እውነት ላይካ ነው? አባባም የጀርመን ነው ይል ነበር።»

ይል ነበር፣ እውነቷን ነው። ካሜራውን አዲስ አበባ፣ ፒያሳ ውስጥ አሮጌ ሲገዛው ስሙ አስቀድሞ ተፍቆ ነበር፤ ሻጩም ጀርመን ነው ብሎ ሸጠለት።

ላይካ በ1925 እ.ኤ.አ. ቬትስላር ከምትባል የጀርመን ከተማ ለገበያ ሲወጣ ካሜራን ከኮት ኪስ ጋር አስታረቀ። በ1932 ደግሞ ርቀት መለኪያው ከሌንሱ ጋር ተያይዞ መጣ፤ ሬንጅፋይንደር የሚባለው የካሜራ ወገን በዚያ ተስፋፋ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በሶቪየት ኅብረት፣ በካርኪቭ ከተማ፣ ወላጅ አልባ ልጆች እየተማሩ የሚሠሩበት አንድ ኮሚዩን ያንኑ ካሜራ አስመስሎ መሥራት ጀመረ፤ ፌድ ተባለ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948፣ ሞስኮ አጠገብ ያለው የክራስኖጎርስክ ፋብሪካ ዞርኪ የተባለውን ታናሹን አወጣ። ሦስቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው የለመደ ዓይን ካልሆነ አይለያቸውም። ኋላ ላይ ይህን መመሳሰል መነገጃ ያደረጉ ሰዎች የሩሲያኛውን ጽሑፍ እየፋቁ፣ በቦታው ላይካ የሚል እየቀረጹ፣ የጀርመን ጦር ምልክት እየጨመሩ ለሰብሳቢ ሸጡት። እንዲህ ያለው ሐሰተኛ ላይካ ዛሬም በየአገሩ ገበያ ይዞራል።

ማስመሰል የማይቻለው ውስጡን ነው። ሌንሱ በጥርስ የታሰረ ስለሆነ እየተሽከረከረ ይፈታል። ከወጣ በኋላ ወደ ካሜራው ሆድ ሲያዩ ከላይ በኩል አንዲት ትንሽ ክንድ አለች፤ የሌንሱ ጀርባ እየገፋት ርቀቱን ለመለኪያው የምታደርስ እሷ ናት። የላይካ ክንድ ጫፏ ላይ የምትሽከረከር ክብ ጎማ አላት። በፌድና በዞርኪ ላይ ጎማ የለም፤ ጫፉ ተሞርዶ የተቀረጸ ድፍን ብረት ነው። ሚዛን ወረድኩና በልጁ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነጭ ነጠላ አንጥፈን ፈታሁት። ጎማ የለም። የሌንሱ ቀለበት ላይም ነጋዴው በስልክ ያላየው ደቃቅ የሩሲያኛ ጽሑፍ ሳይፋቅ ቀርቷል፦ ኢንዱስታር 22፣ ከዞርኪ ጋር ይሸጥ የነበረው ሌንስ። የመጀመሪያው ዓይነት ዞርኪ ነው፤ እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ሲሠራ የቆየው።

ነገርኳት። «እንግዲያው ምንም አይደለማ!» አለች።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ያ መልሷ ነው። በእሷ አልፈርድም፤ ስትጠየቅ የኖረችው የካሜራውን ስም ብቻ ነው። ካሜራው ላይ የተበሳውን፣ የተበየደውንና የተለጠፈውን ምን እንደሆነ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ ግን የሚዛን ታሪክ ነው።

ቀዳዳው የሠርግ ነው። የመጀመሪያው ዞርኪ ፍላሽ አያውቅም፤ ፋብሪካው መሰኪያ የጨመረው በኋለኞቹ ላይ ነው። ሠርግ ደግሞ የሚደምቀው ማታ ነው፤ ዳስ ውስጥ፣ በማሾ ብርሃን። ስለዚህ ጋሽ ፎቶ ካሜራውን አዲስ አበባ ድረስ ወስዶ አስበሳው። የዚህ ካሜራ መዝጊያ ሁለት የጨርቅ መጋረጃ ነው፤ አንዱ እየከፈተ ይሄዳል፣ ሌላው እየዘጋ ይከተለዋል። በፈጣኑ ፍጥነት በሁለቱ መካከል የሚቀረው ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ስለሆነ ፍላሽ ቢበራም ብርሃኑ የሚያርፈው በፊልሙ ቁራጭ ላይ ነው፤ ሙሽራው ይወጣል፣ ሙሽሪት ጨለማ ውስጥ ትቀራለች። ፊልሙ ሙሉ በሙሉ የሚገለጠው በዝግተኛው ፍጥነት ነው። ያቺ የቀይ ጥፍር ቀለም ጠብታ የተቀመጠችው እዚያ ቁጥር ላይ ነው። ከሚስቱ ጠርሙስ የተወሰደች ናት። በዳስ ጨለማ ደቃቅ ቁጥር አይነበብም፤ ቀይ ነጥብ ግን ይገኛል።

መጋረጃው ጨርቅ በመሆኑ ሌላም ጣጣ ነበረው። ሌንሱ ክዳኑ ወልቆ ወደ ፀሐይ ከዞረ ጨረሩን ሰብስቦ ጨርቁን ይበሳዋል። ፈትቼ ሳየው አራት አምስት ቦታ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፤ ማስቲሽ በጥላሸት ተለውሶ የተቀባ። ልጅ ሳለሁ ጋሽ ፎቶ ብስክሌት አከራዩ ዘንድ መጥቶ የከመነዳሪ መለጠፊያ ማስቲሽ በክብሪት ቀፎ ሲለምን አስታውሳለሁ። ብስክሌት አልነበረውም። ለምን እንደሚፈልገው የገባኝ ያን ዕለት፣ ነጠላው ላይ ነው።

ሌንሱ ሲወጣ ደግሞ ከሥሩ ከኒያላ ሲጋራ ፓኮ የተቆረጠች ስስ የወረቀት ቀለበት ወደቀች። ይህን የባለሙያ ያልሆነ ሥራ ብሎ የሚንቅ ካለ ተሳስቷል። ላይካም ቢሆን በሌንሱ ማሰሪያ ሥር የወረቀት ቀለበት ያስገባ ነበር፤ በሌንሱና በፊልሙ መካከል ያለው ርቀት ትንሽ ከተዛነፈ ፊት ይደበዝዛል። ጋሽ ፎቶ የርቀት መለኪያውን ልክ የሚፈትሸው ማለዳ ነበር። ጉሙ ተገፎ ሩቁ ጋራ ብቅ ሲል ደጁ ላይ ቆሞ ካሜራውን ወደዚያው ያነጣጥራል፤ የጋራው ጫፍ በመስኮቱ ውስጥ ሁለት ሆኖ ከታየው ያን ቀን ፎቶ ቤቱ ዝግ ነው፤ ቁጭ ብሎ ያስተካክላል። ዝናብ በማይለየው በሚዛንና በቴፒ አየር ሌንስ ውስጥ የሸረሪት ድር የሚመስል ሻጋታ ይበቅላል፤ ስለዚህ ካሜራው የሚያድረው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከደረቅ ሩዝ ጋር ነው። የእሱ ሌንስ እስከ ዛሬ ጥሩ ነው።

የማንገቻ ቀለበቶቹ የመንገድ ናቸው። ከጅማ በቦንጋ አድርጎ ሚዛን የሚደርሰው መንገድ ክረምት ላይ መኪና አስሮ የሚያሳድርበት ዘመን ነበር። ለቀማ ሲደርስ ጋሽ ፎቶ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ነጭ አንሶላ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ፣ በጭነት መኪና ላይ ወደ በበቃና ወደ ቴፒ የቡና እርሻዎች ይወርዳል። ሠራተኛው ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ይፈልጋል፤ በዚያው ላይ ለእናቱ የሚልከው ባለ ሙሉ ቁመት ይጨምራል። አንሶላው በሁለት የቡና ግንድ መካከል ይወጠራል። ሰዉ የመጣው ከየአቅጣጫው ነው፤ ቤንች፣ ሸኮ፣ ከፊቾ፣ ከወሎና ከትግራይ በሠፈራ የመጣው ሁሉ በዚያው አንድ አንሶላ ፊት ቆሟል። ሂሳቡ የሚከፈለው ደመወዝ ሲወጣ ወይም ቡናው ሲሸጥ ነው፤ ደብተር ነበረው፣ ሲከራከር ግን አይቼው አላውቅም።

በዚህ ካሜራ የሚያነሳ ሰው በሌንሱ ውስጥ አያይም፤ ከላይ በኩል ባሉ ትንንሽ መስኮቶች ነው የሚያየው። በርቀት መለኪያው መስኮት ውስጥ የሚነሳው ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ሌንሱ ሲዞር አንዱ ምስል በሌላው ላይ ይቀመጣል። ለዚህ ቀጥ ያለ መስመር ያስፈልጋል። ጋሽ ፎቶ በሴቶች ላይ የነጠላውን ጥለት፣ በወንዶች ላይ የኮቱን አዝራር መሥመር ይይዝ ነበር። «ጥለቱን ወደ ፊት፣ እትዬ» የሚለው ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እኛ ልጆች ለማማር መስሎን ነበር። የዚያ ዘመን የሚዛን ሴቶች በፎቶ ላይ ሁሉም ጥለታቸውን ፊት ለፊት አድርገው የሚታዩት ለዚህ ነው፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያለ አጻጻፉ፣ ያለ ማኅተሙ የእሱን ሥራ በዚህ እለየዋለሁ።

በ1976 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርናው ከተጀመረ በኋላ ፎቶ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ወጣቶቹ ከመሄዳቸው በፊት በእናቶቻቸው እየተጎተቱ ይመጡ ነበር። አንድ ፊልም ሠላሳ ስድስት ምስል ነው፤ ፊልም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚነሳው፤ ዓይን ጨፍነህ ብትገኝም ያው ነው። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ አልተመለሱም። ለቤተሰባቸው የቀረላቸው ያ አንድ ምስል ነው፤ ያነሳውም ይኸው ስሙ የተፋቀ ዞርኪ።

በአገራችን የምዕራቡ ስም ያልተለጠፈበት ነገር ዋጋ የሚያገኝበት ቀን እየጠበበ መጥቷል፤ ይህ በካሜራ ብቻ አይደለም። ጌሻ የሚባለውን ቡና አስቡት። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከእኛው ጫካ የተለቀመ የቡና ዘር በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ ኮስታ ሪካ ደረሰ፣ ከዚያ ፓናማ ገባ። በ2004 እ.ኤ.አ. በፓናማ የቡና ውድድር አንደኛ ሲወጣና ዋጋው ሲተኮስ ነው እኛም ዞር ብለን ጫካችንን ማየት የጀመርነው። ጫካው ግን ከዚያ በፊትም እዚያው ነበረ፤ የሚለቅሙትም፣ ጣዕሙን የሚያውቁትም ሰዎች እዚያው ነበሩ።

ነጋዴው ዞርኪ መሆኑ ሲነገረው ስልክ ማንሳት ተወ። ልጅቱ ጥቂት ቀን ከፋት። ከተማው ዛሬ ሚዛን አማን ይባላል፤ አስፋልት ገብቶለታል፤ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ፎቶ በዓመት ካነሳው በላይ ያነሳሉ። ለፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ የሚሄድም ፎቶ ቤት አይገባም፤ መዝጋቢው እዚያው ያነሳዋል። በዚህ ቅር የሚለኝ የለም። እናት ልጇን ለማየት ሳምንታት መጠበቋ ቀርቶላታል፤ ይህን ያህል በጎ ነገር ማንም አይክድም።

ቅር የሚለኝ ኔጋቲቮቹ ናቸው። በሌላ ቆርቆሮ ውስጥ፣ በዓመት በዓመት ተጠቅልለው ነበር። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ስትታይ እኛ ዘንድም በከፊል ተሸፍናለች። ትምህርት ቤት በኮሮና ተዘግቶ ነበር፤ የግቢው ልጆች ፀሐይ ለማየት ቆርቆሮውን አወረዱት፣ ኔጋቲቮቹን በመቀስ እየቆረጡ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ አደሉት። (ለዓይንም አደገኛ ነው፤ ምስል ያለበት ኔጋቲቭ የፀሐይን ጨረር አያግድም።) ትልልቆቹ አልከለከሏቸውም። ካሜራው ግን ቁም ሳጥን ላይ፣ ልጅ በማይደርስበት፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጦ ነበር፤ የጀርመን ነው ተብሎ። በእርጥበት ተጣብቀው የቀሩትን ኔጋቲቮች ሞክሬ ማላቀቅ የቻልኩት ጥቂቶቹን ነው።

አሁንም ሰው ይመጣል። ወንድሙ በሰሜን ግንባር የቀረ አንድ አባወራ፣ በቤቱ የነበረው ፎቶ በዝናብ ስለጠፋበት፣ «የጋሽ ፎቶ ቤት ዋናው ይኖራል ብዬ ነው» እያለ መጥቶ ነበር። ልጅቱ ባዶውን ቆርቆሮ አሳየችው። እሱ ከሄደ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ «ጋሼ፣ እኛ እኮ ስንጠብቅ የኖርነው ዕቃውን ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ከተማሪዎቿ ጋር ቤት ለቤት እየዞረች በግድግዳ የተሰቀሉትን በስልኳ ማንሳት ይዛለች። የጠየቀችኝንና የነገርኳትን እዚህም ልጻፈው፤ ለሌላ ከተማ ሊጠቅም ይችላል። ፎቶው ከመስተዋቱ ጋር ከተጣበቀ አትጎትቱት፤ ፊቱ ከመስተዋቱ ላይ ይቀራል። ከነፍሬሙ አውርዳችሁ መስኮት አጠገብ በጎን ብርሃን አስቀምጡትና ነጸብራቁ ከመስተዋቱ እስኪጠፋ ስልኩን እያዘነበላችሁ አንሱት። ጀርባው ላይ የተጻፈ ካለም አንሱ። የቤቱን ሰው፣ በፎቶው ላይ ያለው ማን እንደሆነ፣ አጠገቡ የቆመው ማን እንደሆነ፣ በስንት ዓ.ም. እንደሆነ ጠይቃችሁ ያኔውኑ ጻፉት። አዛውንቶቹን አስቀድሙ።