እብነ በረድ ለማን?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሲሠራ ድንጋይ የሚመረጠው ለእንግዳ ዓይን ነው። እማዬም ለሳሎኑም፣ ለወጥ ቤቱም፣ ለደጃፉ ደረጃም የሚያብለጨልጭ የቤንሻንጉል እብነ በረድ ካልሆነ ብላለች።

ሳሎኑን እሺ አልኳት። ወጥ ቤቱን ግን እምቢ፤ እብነ በረድ የኖራ ድንጋይ ዘር ስለሆነ ሎሚና ኮምጣጤ ይበላዋል፣ ግራናይት ይሻላል። ደረጃውስ? የተወለወለ ድንጋይ በክረምት ሲርስ ሳሙና ነው። የእማዬ ጉልበት ደግሞ ከሁለት ዓመት ወዲህ አያስተማምንም። በመሮ የተጠረበ ሸካራ ጥቁር ድንጋይ አሳየኋት።

«ይሄማ የመንገድ ድንጋይ ነው! ሰው ምን ይላል?»

ሰውማ ይላል። ግን ሰው አድንቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ መብራት በጠፋ ማታ ያንን ደረጃ የምትወርደው እሷ ናት። ክርክራችን አላለቀም። እናንተ ግን ድንጋዩ ላይ መጀመሪያ ውሃ አፍስሱና ቁሙበት፤ ዋጋውን ከዚያ ትጠይቃላችሁ።