የካምቢዮ ዘይት ነገር

በዚህ መጽሔት ስለ ፍቅር፣ ስለ ምግብ ቤቱ ሽሮ፣ ስለ መጪው ዘመንም ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ካምቢዮ ዘይት የጻፈ ግን እስካሁን አላየንም። «የቋንቋ ተማሪን ከካምቢዮ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። የምንለብሰው ሸሚዝ፣ የምንጽፍበት ደብተር፣ አልፎ አልፎም ከግቢ ውጭ የምንጠጣት ማኪያቶ ሁሉ የሚወጡት ከአንድ አሮጌ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና ነው። መኪናው የአጎታችን ነው። አጎታችን ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ፣ በጋላፊ ገብቶ፣ በሰመራና በሚሌ አልፎ፣ የባቲን ዳገት ወጥቶ ኮምቦልቻ ያራግፋል። ካምቢዮው የቆመ ዕለት እኛም ቆምን ማለት ነውና፣ ስለ ካምቢዮ ለመጻፍ ከማንም ያላነሰ መብት አለን።

ነገሩን ከመሠረቱ እንያዘው። ሞተር ፈጥኖ ይዞራል እንጂ በዝግታ ብዙ መግፋት አይሆንለትም፤ ዳገት ደግሞ የሚፈልገው በዝግታ መግፋትን ነው። በመካከል ገብቶ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን የሚያበዛው ካምቢዮ ነው፤ እርሱም ትልልቅና ትንንሽ ማርሾች የታጨቁበት የብረት ሣጥን ነው። ሣጥኑ ውስጥ ወፍራም ዘይት ይጨመራል፤ የታችኛው ዘንግ ማርሾች በዘይቱ ውስጥ እየዞሩ ወደ ላይ ይረጩታል፤ የተረጨው ዘይት የላይኞቹን ጥርሶችና ኩሽኔታዎች ያርሳል። በብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ዘንድ ሥርዓቱ ይኸው ብቻ ነው። ፓምፕ የለ፣ ፊልትሮ የለ፣ ጌጅ የለ። ሞተርን ግን ተመልከቱት፤ ፓምፕ አለው፣ ፊልትሮ አለው፣ ራዲያተር አለው፣ ዘይቱ ግፊት ሲያጣ ቀይ መብራት ይበራለታል፣ ረዳቱም ጧት ጧት የዘይት መለኪያውን መዝዞ ደኅንነቱን ይጠይቀዋል። ሞተር የሀብታም ቤት ልጅ ነው፤ ካምቢዮ ግን እስኪወድቅ ድረስ አመመኝ የማይል የድኻ ልጅ ነው።

ሠሪዎቹ ፊልትሮ የነፈጉት እንዲያው ከክፋት አይደለም። ሞተር ነዳጅ ስለሚያቃጥል ጥላሸቱ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ካምቢዮ ውስጥ ግን የሚቃጠል ነገር የለም። የካምቢዮ እድፍ በአብዛኛው ከራሱ የሚወጣ ነው፤ ከጥርሶቹ የሚፋቅ የብረት ብናኝ፣ ማርሽ ሲቀየር ፍጥነትን ከሚያስማሙት የነሐስ ቀለበቶች የሚረግፍ ብናኝ፣ በላዩም በመተንፈሻው ቀዳዳ የሚገባ አቧራና ውሃ ነው። የጋለ ካምቢዮ ጎርፍ ሲሻገር በድንገት ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው አየር ሲኮማተር መተንፈሻው ውሃ ይስባል። ብናኙም ከዘይቱ ጋር አብሮ እየተረጨ ተመልሶ ጥርሱን ይፍቃል፤ ከዚያ የተፋቀውም በተራው ሌላ ብናኝ ይሆናል። የሚያጠራው ከሌለ ይህ ነገር ማቆሚያ የለውም።

ሙቀቱስ ከየት ይመጣል? ጥርስ በጥርስ ላይ ተጭኖ ሲንሸራተት፣ ዘይቱም ሲናጥ፣ ከሚያልፈው ጉልበት ጥቂቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ጥቂት ስንል እንዳትንቁት። 200 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ዳገት ላይ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 147 ኪሎዋት ያህል ያወጣል፤ ከዚህ ከመቶ 3 እጅ ብቻ ካምቢዮው ውስጥ ቢቀር 4.4 ኪሎዋት ይሆናል። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ የሚወስደው 3.5 ኪሎዋት ገደማ ነው። እንግዲህ መኪናው ዳገቱን የሚወጣው ከሆዱ ሥር አንድ የተጣደ ምጣድ ተሸክሞ ነው ማለት ነው፤ ያውም እንጀራ የማይወጣለት ምጣድ።

ዘይት ሲግል ይቀጥናል፤ ሲቀጥን በጥርስና በጥርስ መካከል የሚያነጥፈው ስስ ምንጣፍ ይሳሳል፤ ብረትም ከብረት ጋር ይገናኛል። ከዚህም ሌላ ግለት ዘይቱን ራሱን ያረጀዋል። ባለሙያዎች በግምት የሚጠቀሙበት አንድ ደንብ አለ፤ ዘይት ከመጠን በላይ ሲሞቅ፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ይላሉ። ፉለር የተባሉት የአሜሪካ ከባድ ካምቢዮዎች መመሪያ፣ ዘይቱ ዘወትር ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ እንዳይሠራ ያስጠነቅቃል፤ ከዚያ ካለፈ ጫና የተሸከመው ጥርስ ከዘይቱ እጅግ አብልጦ ስለሚግል፣ ብረቱ በፋብሪካ በእሳት ያገኘውን ጥንካሬ ያጣልና።

እዚህ ላይ ለኢኮኖሚክስ ወንድሞቻችን አንዲት ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። ሀገራችን ከምትልከው የምታስመጣው ይበልጣል። የምታስመጣው ከባሕር ጠረፍ ወደ ደጋ፣ ማለት ሽቅብ ይመጣል፤ የምትልከው ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ መኪናዎቻችን ቁልቁለቱን ቀለል ብለው ወርደው ዳገቱን ከብደው ይወጡታል። ከሚሌ ተነሥቶ ኮምቦልቻ እስኪገባ ድረስ ያ ጭነት ሁሉ ከ1000 ሜትር በላይ ወደ ላይ መነሣት አለበት። የንግድ ሚዛን ጉድለት የሚሉት ነገር በመጽሐፍ ላይ ቁጥር ነው፤ በባቲ ዳገት ላይ ግን ይሸታል፤ ሽታውም የተቃጠለ ዘይት ሽታ ነው።

ወደ አጎታችን እንመለስ። ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደ ወጣ የመኪናው ሦስተኛ ማርሽ ማልቀስ ጀመረ። መካኒኩ ዘይቱን አፍስሶ አየው፤ የቡና አተላ መስሏል። ጠብታውን በሁለት ጣቱ መካከል አሽቶ ወደ ፀሐይ ሲያዞረው ወርቅማ ብልጭታ ታየ። በማፍሰሻው ቡሎን ላይ እንደ ጭቃ የሚለጠፍ ጥቁር የብረት ብናኝ የደንቡ ነው፤ ጥፍር የሚያህል ስባሪ ከመጣ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሯል፤ ወርቅማው ደግሞ የነሐሱ ቀለበት ማለቅ ነው ብሎ አስረዳ። መድኃኒቱም፣ ዘይቱን ከካምቢዮው የሚስብ የኤሌክትሪክ ፓምፕ፣ የሚያጠራው ፊልትሮ፣ የሚያበርደው ትንሽ ራዲያተር መግጠም ነው አለ።

አጎታችን ሳቁ። «በኤንትሬ አሰብ ድረስ ስንመላለስ ማን ነበር ለካምቢዮ ፊልትሮ የገጠመ?» አሉ። ኤንትሬ የሚሉት ያንን ጠንካራውን ፊያት ነው፤ የአሰብ መንገድም በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ የተዘጋው ነው። መካኒኩ ደግሞ ሰው አክባሪ ቢሆንም ቃል የሚያጥረው ሰው አይደለም። «ጋሼ፣ ኤንትሬ እኮ ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው፤ ባለቤቱም ዘይቱን በጊዜው ይቀይር ነበር። እርስዎ ይህን ዘይት መቼ ነው የቀየሩት?» አላቸው። አጎታችን ወደ ጎማው ዞር ብለው ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉት። ሾፌር መልስ ሲያጣ ጎማ ይመታል።

ክርክሩ የዘይት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ለዕቃው የሚያስፈልገው ገንዘብ ግን ለታናሽ እኅታችን የኮሌጅ ምዝገባ የተቀመጠው ገንዘብ ነበር። ካምቢዮው ከተሰበረ ለእርሷም ለእኛም የሚከፈል አይኖርም፤ ገንዘቡ ለካምቢዮው ከዋለ እርሷ ትቀራለች። በዚህ ጊዜ ነው አጎታችን የመመሪያ ወረቀቶቹን ሰብስበው «እናንተ እንግሊዝኛ ተምረናል ትላላችሁ፤ በሉ አንብቡና እውነቱን ንገሩኝ» ያሉን። ሼክስፒርን ለማንበብ የተሰጠን እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ፈተና ገጥሞት አያውቅም።

አነበብን። ያገኘነው ግን መካኒኩንም አጎታችንንም ሙሉ በሙሉ ባለ ድል የሚያደርግ አልነበረም። ማቀዝቀዣ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ሣጥን ውስጥ ተከድኖ የኖረውን ዘይት በጎማ ቱቦ ወደ ውጭ ማውጣት አዲስ የመሞቻ በር መክፈት ነው። አንድ ቱቦ በድንጋይ ቢቀደድ ዘይቱ በጥቂት ደቂቃ አልቆ ካምቢዮው ይደርቃል፤ ሾፌሩም የሚያውቀው ማርሹ ሲነክስ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ፊልትሮ ከፓምፑ በፊት ከተገጠመ ደግሞ ፓምፑ ይታነቃል፤ አጎታችን ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ደብረ ብርሃን ያድራሉ፤ በዚያ ብርድ ጧት የካምቢዮ ዘይት እንደ ማር ይወፍራልና። ስለዚህ ከፓምፑ በፊት ሻካራ ወንፊት፣ ከፓምፑ በኋላ ፊልትሮ፣ ፊልትሮው ሲደፈን ዘይቱ የሚያልፍበት መንገድም ያስፈልጋል። በቱቦውና በራዲያተሩ ውስጥ የሚቀረው ዘይት ተለክቶ መጨመር አለበት። ከመጠን በላይ መሙላትም አይበጅም፤ የበዛ ዘይት አብልጦ ይናጣል፣ የተናጠም አብልጦ ይሞቃል። ከዚያ በላይ ደግሞ ማንኛውም ወፍራም ዘይት የካምቢዮ ዘይት አይደለም። ለዲፈረንሻል የሚሠራው ጂ.ኤል. 5 የሚባለው ዘይት ለከባድ ጫና ድኝ የበዛበት ቅመም ስላለው የነሐሱን ቀለበት ሊበላው ይችላል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ካምቢዮ የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ ጂ.ኤል. 4 ነው። በአጎታችን ካምቢዮ ውስጥ የነበረው የትኛው እንደ ሆነ መጠየቅ አላስፈለገም፤ ጄሪካኑ እዚያው ቆሞ ነበር።

ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርገው የሚለቁ ሾፌሮች ነገርም በዚሁ ተገለጠልን። ፍሬን ማቃጠሉን ሁሉም ያውቀዋል። ካምቢዮውም ግን ይጎዳል፤ ወደ ኋላ እግር የሚሄደው ዘንግ በፍጥነት ሲዞር ዘይት የሚረጨው የታችኛው ዘንግ ከሞተሩ ጋር እያዘገመ ነውና የሚረጨው ያንሳል። የተበላሸ መኪና ሲጎተት ካርዳኑ ይፈታ የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እኛ ያቀረብነው ሐሳብ፣ መጀመሪያ ትክክለኛው ዘይት ይግባ፣ ማግኔት ያለው የማፍሰሻ ቡሎንና አንድ የሙቀት ጌጅ ይገጠም፣ ሌላው በኋላ ይታይ የሚል ነበር። ይህ ከእኅታችን ገንዘብ ጥቂቱን ብቻ ይነካል። አጎታችን ተስማሙ፤ በሚቀጥለው የጅቡቲ መንገድም ረዳቱ የመርፌውን ንባብ በትምህርት ቤት ደብተር ላይ እየጻፈ መጣ።

ደብተሩን ባየን ጊዜ ሦስታችንም ዝም አልን። ሁላችንም ካምቢዮውን የሚፈጀው የአፋር በረሃ ነው ብለን እናምን ነበር። በሰመራ ሜዳ፣ እንቁላል በሚያበስል ፀሐይ ሥር፣ መርፌው ከ95 አላለፈም። ባቲ አቅራቢያ፣ አየሩ ነፋሻ ሆኖ ረዳቱ ጋቢውን በሚፈልግበት ቦታ ግን 126 ደርሷል። ሜዳው ላይ መኪናው ፈጥኖ ስለሚሄድ ነፋስ ሣጥኑን ያጥበዋል፣ ማርሹም ጫና አይበዛበትም፤ ዳገቱ ላይ ግን ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ እየገፋ መኪናው እንደ ግመል ያዘግማል፣ ነፋስ የለም። አፋር የስሙን ያህል አልበደለም፤ ያበሰለው የወሎ ዳገት ነው።

ይህ የመካኒኩንም ዕቅድ ለወጠው። ራዲያተሩን ከሻንሲው ጎን አንጠልጥሎ ለነፋስ ሊተወው አስቦ ነበር። ነፋስ በማይገኝበት ሰዓት በነፋስ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ምን ይፈይዳል? የራሱ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ያስፈልገዋል። ማራገቢያው ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።

ሌሊቱን በቤት ምን እንደ ተባባልን ሁሉንም አንጽፍም። መጨረሻውን የተናገረችው እኅታችን ናት። «አጎቴ፣ እኔ አንድ ሴሚስተር ብቆይ አልሞትም፤ እሱ ዳገት ላይ ቢቀር ግን ሁላችንም ቀረን። ይገጠም» አለች። አጎታችን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኛ በነጻ የምንማረው ወንድሞች ደግሞ በዚያች ሰዓት የምንናገረው ቃል አጣን። እንዲህ ያለ ጊዜ የሚማረው ማን ነው፣ የሚጠብቀውስ ማን ነው የሚለው ጥያቄ በብዙ ቤት መልሱ አንድ ዓይነት መሆኑን የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ራዲያተሩና ማራገቢያው ያገለገሉ ሆነው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ተገዙ። ቱቦዎቹ ግን አዲስ ናቸው፤ በእርሱ ላይ ሁላችንም ድርቅ ብለን ተከራክረናል። በቱቦውና በሻንሲው መካከል የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ተደረገ፤ ዘይቱ ከፓምፑ ሲቋረጥ የሚበራ መብራትም ከሾፌሩ ፊት ተተከለ። አሁን ባቲ ላይ መርፌው 104 ላይ ይቆማል። አጎታችን ይህን ባዩ ጊዜ ከዳገቱ ራስ ላይ ሆነው ስልክ የደወሉት ለእኛ ሳይሆን ለእርሷ ነበር።

ከሁለት ምልልስ በኋላ መካኒኩ ፊልትሮውን በመጋዝ ቆርጦ ወረቀቱን ዘረጋው። ወርቅማው ብናኝ ዛሬም አለ፤ አንሷል እንጂ አልጠፋም። ያለቀውን ቀለበት ማቀዝቀዣ አይመልሰውም፤ ሦስተኛው ማርሽም ዛሬም ያለቅሳል፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። መካኒኩ እስከሚቀጥለው ክረምት ይሄዳል ብሏል፤ ያን ጊዜ ካምቢዮው ወርዶ ይከፈታል። እኅታችን በሁለተኛው ሴሚስተር ትመዘገባለች፤ የምትመርጠው የትምህርት ክፍል አውቶሞቲቭ ነው፤ አጎታችን ሒሳብ አያያዝ ይሻላል ይላሉ፣ ክርክሩም ገና አላለቀም።