መጽሐፍ ሆኖ የተረፈ ፊልም

«ቲቸር፣ እነዚያ ሽፋናቸው የሚያስፈራ አሮጌ መጻሕፍት ምን ያደርጉልዎታል?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። አንዴ ልመልስና ልገላገል።

የምሰበስበው ከፊልም የተጻፉ ልቦለዶችን ነው፤ በተለይ የአስፈሪና የወንጀል ፊልሞችን። መጽሐፍ ፊልም ሲሆን ሁላችንም እናውቃለን። የእነዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ የፊልሙ ጽሑፍ ይዘጋጃል፣ ከዚያ አንድ ደራሲ ልቦለድ ያደርገዋል፣ ከፊልሙ ጋር አብሮ ይሸጣል። አንዳንዴም ይቀድመዋል። «ኪንግ ኮንግ» የታየው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው፤ መጽሐፉ ግን በ1932 መጨረሻ ወጥቷል። ከፊልሙ ተቆርጠው የቀሩት የገደል ውስጥ ሸረሪቶችም እዚያ ውስጥ አሉ። «ዘ ኦመን»ን ደግሞ በ1976 መጽሐፍ ያደረገው ራሱ የፊልሙ ጸሐፊ ዴቪድ ሴልዘር ነው።

መርካቶ እንዴት ይደርሳሉ? ሰው ይሞታል፣ ወይ ቤት ይለቃል፣ ወይ ውጭ አገር ይሄዳል። ሳጥኑ ይከፈታል። «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ ከጠርሙሱና ከቆርቆሮው ጋር መጽሐፉንም ይወስዳል። ምናለሽ ተራ ሲገባ ሁለት ዕጣ አለው፤ ወይ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው እጅ ይደርሳል፣ ወይ በኪሎ ተመዝኖ መጠቅለያ ይሆናል። የኔ ሥራ መሃል ላይ መድረስ ነው። አንዱን ያገኘሁት የመጨረሻዎቹ ገጾች ከተቀደዱ በኋላ ነው። ገዳዩ ቆሎ ተጠቅልሎበት አምልጧል!

ግን ለምን? ለምን መሰላችሁ፣ የመርካቶ ልጅ ስለሆንኩ። እኛ ሰፈር ሲኒማ ራስ መግቢያ ያገኘ ልጅ ፊልሙን ያያል፤ ያላገኘ ማታ አጥር ሥር ተቀምጦ ይሰማል። አንድ ተራኪ ነበረን። የበሩን መንጫጫት፣ ፈረሱን፣ ሙዚቃውን ሁሉ በአፉ ይሠራዋል። ንግግሩን ስለማይሰማው ከራሱ ይሞላዋል። የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ሦስት ማታ ይፈጅበታል። የሱ ድራኩላ ጠበል ሲረጭበት «እለቃለሁ! እለቃለሁ!» ብሎ ይጮኻል። ካደግሁ በኋላ ፊልሙን ስፈልግ አገኘሁትና አየሁት፤ ጥሩ ነው፣ ግን «እለቃለሁ» የሚል የለበትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የኛው ይሻላል።

እነዚህም መጻሕፍት ለኔ እንደዚያ ልጅ ናቸው፤ ፊልሙን ላላየ ሰው ቁጭ ብለው የሚያወሩ፣ ሲያወሩም የሚጨምሩ። አንዳንዴ ደግሞ ተራኪው ብቻውን ይቀራል። «ለንደን አፍተር ሚድናይት» የሚባል በ1927 የተሠራ የሎን ቼኒ ፊልም ነበር። በመጨረሻ የታወቀው ቅጂ በ1960ዎቹ የኤምጂኤም መጋዘን ሲቃጠል አብሮ ጠፋ። በ1928 ማሪ ኩሊጅ-ራስክ ከፊልሙ የጻፈችው ልቦለድ ግን ዛሬም ይነበባል።

ያ ተራኪያችን አምና አረፈ። የዕድሩ ድንኳን ውስጥ የሰፈር ልጆች ተሰብስበን የሱን ድራኩላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለማውራት ሞከርን። አንዱ የሠረገላውን ያስታውሳል፣ ሌላው የጠበሉን፣ እኔ የበሩን ድምፅ። መሃሉ የለም። ሙሉውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፣ የጻፈው ደግሞ ማንም የለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። ቆራሌውን ከመጥራታችሁ በፊት የአባታችሁን ሳጥን አንዴ ክፈቱት፤ አስፈሪ ሽፋን ካያችሁ ደውሉልኝ። ሁለተኛ፣ ድሮ ማታ ማታ ፊልም ያወራላችሁ ሰው በሕይወት ካለ፣ ዛሬ ቡና አፍሉና «እስቲ ያንን ፊልም አውራልን» በሉት። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። ከራሱ የጨመረውን እንዳታርሙበት፤ ፊልሙ ሌላ ቦታ ይገኝ ይሆናል፣ የሱ ጭማሪ ግን ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው።