ፎቶ አንሺው ደብተር ነበረው

ወዳጆቼ፣ ተማሪዎቼ የነበራችሁም፣ ዛሬ ስለ ገበያ ቀን ፎቶ አንሺዎች ላወጋችሁ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና ካለ ይዛችሁ አንብቡት።

ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ የአዳሚ ቱሉ፣ የዝዋይ፣ የመቂና የቡልቡላ ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። ሰውዬው በገበያ ቀን ወይም በበዓል ሰሞን ከአውቶቡስ ይወርዳል። የያዘው አንድ ካሜራና አንድ የታጠፈ ጨርቅ ነው፤ አንዳንዱ ለተነሺ የሚያውሰው ኮትና ከረባትም አለው። ጨርቁን ጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ በምስማር ይወጥርና በርጩማ ያስቀምጣል። በቃ፣ ስቱዲዮ ተከፈተ! «ሂን ሶቾኢን!» ይላል፣ አትነቃነቅ ለማለት። ያኔ ፎቶ ላይ ማን ይስቃል? ሰዓት ያለው ሰዓቱ እንዲታይለት እጁን ወደፊት ያደርጋል፣ ሬዲዮ ያለው ሬዲዮውን ያቅፋል።

ከዚያ ቀብድ ይቀበላል። ፊልሙ እስኪያልቅ ከገበያ ገበያ ይዞራል፣ ከተማ ወስዶ ያሳጥባል፣ ፎቶውን ይዞ ይመለሳል። የማን ፎቶ የቱ እንደሆነ እንዳይጠፋው ደግሞ አንዲት ደብተር ነበረችው። ቁጥር፣ ስም፣ የተከፈለ፣ የቀረ። ይቺን ደብተር አደራ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሥራው የኛ አገር ብቻ አይደለም። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ አገርም ፎቶ አንሺዎች በፈረስ ጋሪ ከመንደር መንደር ይዞሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1851 ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር ይፋ ያደረገው ዘዴ መስታወት ላይ ኬሚካል ቀብቶ፣ ሳይደርቅ አንስቶ፣ ሳይደርቅ ማጠብን ይጠይቃል። ስለዚህ ሰዎቹ ጨለማ ክፍላቸውን በድንኳን ወይም በጋሪ ይዘውት ነበር የሚሄዱት። ሮጀር ፌንተን በ1855 ወደ ክሪሚያ ጦርነት ሲዘምት የወይን ጠጅ ነጋዴ ጋሪ ገዝቶ ጨለማ ክፍል አድርጎታል። ቀድሞ የተዘጋጀ ደረቅ መስታወት ሲመጣ ነው ሸክሙ የቀለለው።

ከዚያ ዘመን የተረፉ ትንንሽ የፎቶ ካርዶች ዛሬም በአውሮፓ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይሸጣሉ። ብዙዎቹ ካርዶች ጀርባ ላይ የፎቶ አንሺው ስምና አድራሻ አምሮ ታትሟል። የተነሳው ሰው ስም ግን የለም። ሴትዮዋ ምርጥ ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ገንዘቧን ከፍላ ተነሳች። ዛሬ «አንዲት ሴት» ናት።

የነገሥታት ፎቶ እንዲህ አይጠፋም። አፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሱት የታወቀ ፎቶ ባይኖርም፣ የልጃቸው የልዑል ዓለማየሁ አለ። መቅደላ በወደቀችበት በ1860 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ተወስዶ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አነሳችው፤ ማን እንደሆነ፣ የት እንደተነሳ ተጽፏል። በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥትም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ነበሩ፣ ከሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ሥራውን ይዘውታል። የንጉሥ ፊት የሚመዘግበው አያጣም። የገበሬን ስም የመዘገበችው ግን ያቺ የቀብድ ደብተር ብቻ ናት። ደብተሯ ደግሞ ሒሳቡ ሲዘጋ ሥራዋ አለቀ።

አሁን ወደ ቤቴ ልምጣ። እናቴ ጋ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ፣ እዚሁ አዳሚ ቱሉ የተነሳ። ጨርቁ ላይ ፏፏቴ ተስሏል። የጨርቁ ጫፍ ባለቀበት በኩል ግን ቁልቋል ብቅ ብሏል። ኦሮምኛ የምትችሉ ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ፤ «አዳሚ» ቁልቋል፣ «ቱሉ» ኮረብታ ነውና። ሰውዬው ፏፏቴ ይዞልን ቢመጣም አገራችን ራሷ ፎቶው ውስጥ ገብታለች።

ፎቶው ላይ ስድስት ሰዎች አሉ። አባቴ ቆሟል፣ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። እናቴ ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሕፃኑ እኔ አይደለሁም። ከኔ በፊት ተወልዶ በኩፍኝ የሞተ ወንድሜ ነው። የልደት ካርድ የለውም፣ የሕክምና ካርድ የለውም፣ በዓለም ላይ ለመኖሩ ማስረጃው ያ ፎቶ ብቻ ነው።

የእናቴን ዓይን ሞራ እየጋረደው ነው። ባለፈው ክረምት ፎቶውን ስልኬ ላይ አጉልቼ አሳየኋትና አንድ በአንድ ጠየቅኳት። «እቺማ ውሃ አብረን የምንወርድ ጓደኛዬ ናት። እሱ የአባትህ አጎት ነው። ያን ቀን ሁለት ዶሮ ሸጠን ነው የተነሳነው፣ አባትህ ያን ኮት ካልለበስኩ ብሎ!» አለችና ሳቀች። ሕፃኑ ጋ ስትደርስ ዝም አለች። ከዚያ ስሙን ጠራችው። በሕይወቴ የወንድሜን ስም ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስድስተኛውን ሰው ግን አላወቀችውም። ሊያውቀው የሚችል ሌላ ሰውም ዛሬ በሕይወት የለም። ከእንግዲህ እሱ «አንድ ሰውዬ» ነው።

እና ልጆቼ፣ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፣ ልማዴ ነው። በዚህ በዓል እናትና አባታችሁ ጋ ስትሄዱ አልበሙን አስወጡ። በስልክ ስታነሱት ፍላሽ አታብሩ፣ በር አካባቢ ጥላ ያለበት ቦታ በቀን ብርሃን አንሱት። መስታወት ላይ የተጣበቀውን ለመላጥ አትታገሉ፣ ይቀደዳል፤ ከነመስታወቱ አንሱት። ከጀርባው ስትጽፉ በእስክሪብቶ አይሁን፣ ፊቱ ላይ ያብጣል። በእርሳስ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ጻፉ። ሙሉ ስም፣ ዝምድና፣ ቦታ፣ በግምትም ቢሆን ዓመተ ምሕረት። እርሳስ ያልያዘላችሁን ሌላ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። አዛውንቶቹ ሲናገሩም ድምፃቸውን ቅዱት።

የፎቶ አንሺው ደብተር አንዴ ጠፍታለች። የቀረችን ደብተር የእናቶቻችን ትዝታ ናት፣ እሷም ገጿ እያለቀ ነው።

የወንድሜን ስም እዚህ አልጽፈውም፣ የእናቴ ነው። ከፎቶው ጀርባ ግን በእርሳስ ጽፌዋለሁ።