«ራሱን ቆረጠ» ቢባል ማን ይደነግጣል?

ማይሰልፍ፣ ዩርሰልፍ፣ ሂምሰልፍ እያልን በአንድ ድምፅ የሸመደድነው ሠንጠረዥ ሁላችንንም ትዝ ይለናል። እኔ በተማርኩበት ክፍል ቃላቱን በቃላችን ያዝን እንጂ ለምን እንደሚያስፈልጉ የጠየቀ አልነበረም። ነገ ግን ወልዲያን ለቀን በመርሳ ወይም በሀብሩ ገጠር ከጥቁር ሰሌዳ ፊት የምንቆመው እኛው ነን። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ካደረገ ወዲህ፣ መሠረቱን የሚጥለው የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው።

ቁም ነገሩ አጭር ነው። «ዘሃራ በመስተዋት አየቻት» ካልን የታየችው ሌላ ሴት ናት፤ «ራሷን አየች» ካልን ግን ያችው ዘሃራ ናት። እንግሊዝኛም ለመጀመሪያው «ኸር»፣ ለሁለተኛው «ኸርሰልፍ» ይላል። አድራጊውም ተደራጊውም አንድ ሲሆን «ሰልፍ» ትገባለች ማለት ነው። ለማጽናትም ታገለግላለች። መርሳ ላይ ፍራፍሬ የሚሸጥ ልጅ «እኔው ራሴ ለቀምኩት» ሲል፣ እንግሊዝኛው «አይ ማይሰልፍ» ይለዋል። ያለ ረዳት ከሆነ ደግሞ «ባይ ማይሰልፍ» ነው።

እስከዚህ ሁለቱ ቋንቋዎች ይስማማሉ። ጣጣው ከዚህ በኋላ ይመጣል።

አንደኛ፣ የእኛ «ራስ» ጭንቅላትም ነው። ማሽላ ሲያጭድ ጣቱ የደማን ገበሬ እንግሊዝኛ «ሂ ከት ሂምሰልፍ» ይለዋል። ቃል በቃል «ራሱን ቆረጠ» ብንለው አገር ይደነግጣል! የእኛ አነጋገር «ማጭድ ቆረጠው» ነው። «ራሴን አመመኝ» ለማለት ማይሰልፍን የሚያስገባ ተማሪም ምክንያት አለው።

ሁለተኛ፣ አማርኛ ነገሩን ብዙ ጊዜ በግሡ ውስጥ ይጨርሰዋል። «አጠበ» ሌላውን ነው፤ «ታጠበ» ገላውን ነው። «ተዋደዱ» ስንልም እርስ በርስ መሆኑ ግሡ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ግን ለዚህ «ኢች አዘር» የሚል ሌላ ቃል ይፈልጋል። በዚያ ቦታ ዘምሰልቭስን የጻፈ ልጅ ሁለቱን ጓደኛሞች ሳያስበው ራስ ወዳድ አድርጓቸው ቁጭ ይላል።

ሦስተኛ፣ አማርኛ «ራሴ፣ ራሱ፣ ራሳቸው» እያለ በአንድ ሥርዓት ይሄዳል። ማይሰልፍ ውስጥ «የእኔ» የሚለውን ያየ ልጅ «ሂዝሰልፍ» ቢል ሥርዓት ጠብቋል እኮ! መንገዱን የቀየረው እንግሊዝኛው ነው።

እንግዲህ የሙያ ጓደኞቼ፣ ቀይ እስክሪብቶ ከማንሳታችን በፊት ተማሪውን «በአማርኛ ምን ልትል ፈልገህ ነው?» ብለን እንጠይቀው። ብዙዎቹ ስሕተቶች የሚመጡት የአፍ መፍቻ ቋንቋውን አጥርቶ ከማወቁ ነው። ይህን ሳናስረዳው ኤክስ ብቻ ብናደርግበት፣ ልጁ «እንግሊዝኛ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ራሱን ይንቃል። ያን ጊዜ የ«ሂምሰልፍ»ን ትርጉም በክፉ መንገድ አስተማርነው ማለት ነው።