የወደቅሁበት ፈተና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፍላችሁ ያለፈ ሰው ሆኜ አይደለም። የሕክምና ሙያ ፈቃድ ፈተና ወድቄአለሁ፤ ድጋሚውንም ገና አልተፈተንሁም። እንዲህ ያለ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ሁሉ ካማረ በኋላ ነው። እኔ ግን ከእናንተ መካከል ዛሬ እንደ እኔ መንገድ ላይ የቀራችሁ እንደማትጠፉ ስለማውቅ ሳልደርስ ልጽፍ ወደድሁ።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በሀገራችን ሐኪም ለመሆን የዩኒቨርሲቲውን ትምህርት መጨረስ ብቻ አይበቃም። ክፍል ውስጥ መማሩ፣ በየሆስፒታሉ ክፍል መዘዋወሩ፣ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ማደሩ እንዳለ ሆኖ፣ በጤና ሚኒስቴር የሚሰጥ ሀገር አቀፍ የብቃት ምዘና አለ። የውስጥ ደዌው፣ ቀዶ ሕክምናው፣ የሕፃናቱ፣ የማኅፀንና ጽንሱ ትምህርት በአንድነት ይጠየቃል። ያን ሳያልፉ የሙያ ፈቃድ የለም፤ ያለ ፈቃድም በሽተኛን በራስ ኃላፊነት ማከም የለም። ስለዚህ እስከ ዛሬ ራሴን ተማሪ ብዬ እጠራለሁ።

ውጤቱ የመጣው በጾመ ፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት ነበር። በዕለቱ የቅዳሴ ተረኛ ነበርሁ። ቁጥሩን በስልኬ አየሁት፤ አጥፍቼ እንደ ገና ከፈትሁት፤ ያው ነው። ስልኬን ዘግቼ ተኛሁ፤ ቅዳሴውም ያለ እኔ ተቀደሰ። እናቴን ጎረቤቱ ሁሉ «የዶክተር እናት» እያለ መጥራት ከጀመረ ዓመት አልፎት ነበር። እርሷ ምንም አልተናገረችኝም፤ ሽሮውን ሠርታ በሬ ላይ አስቀምጣልኝ ትሄድ ነበር እንጂ። እኔ ግን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያ ስም እንዳይጠራብኝ ፈርቼ ሁለት ወር ሙሉ ቀረሁ።

ፍርሃቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ቂምም ነበረኝ። ከፈተናው በፊት «ካለፍሁ ለቤተ መቅደሱ መጋረጃ አስገባለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። እስክሪብቶዬንም ጸበል አስነክቼ ነበር የገባሁት። በልቤ ውል የተዋዋልሁ መስሎኝ ነበርና፣ ስወድቅ እግዚአብሔር ውሉን ያፈረሰብኝ ያህል ተሰማኝ። በጉባኤ ቆሜ ስለ ጸሎት ሳስተምር የኖርሁ ሰው እንዲህ ማሰቤን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ እውነቱ ግን ይህ ነው።

በዚያ ወራት ያገኘኝ ሁሉ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ይነግረኝ ነበር፤ ዛፍ ላይ ስትወጣ ደጋግማ ስለ ወደቀችው ትል። እኔ ራሴ ለሕፃናት ክፍል ስንት ጊዜ ያስተማርሁት ታሪክ ነው! እውነት ለመናገር ሰለቸኝ። ያላስተዋልሁት አንድ ነገር እንደ ነበረ የገባኝ በኋላ ነው፤ ቅዱስ ያሬድ ትሏን አይቶ በዚያው አልቀረም፤ ሸሽቶት ወደ ወጣው መምህር ወደ አባ ጌዴዎን ተመለሰ። እኔም ለመማር እንደ ገና መድፈር ብቻ አልነበረም የጎደለኝ፤ ወዳፈርሁበት ቤት መመለስ ነበር።

በጥቅምት አንድ እሑድ ሊነጋ ሲል ስልኬ ጮኸ። ከእኔ በኋላ የተሾመ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ዲያቆን ነው። «ጋሼ፣ ሁለት ነን፤ ሦስተኛ ዲያቆን አጣን» አለኝ። እንደምታውቁት ቅዳሴ ከአምስት ልዑካን ባነሰ አይቀደስም። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቼ ስገላበጥ አድሬ ሻይ ጠጥቼ ነበር። «አልጾምሁም» ብዬ መለስሁለት። ከጎረቤት ደብር ዲያቆን ተለምኖ እስኪመጣ ካህናቱና ሕዝቡ ቆመው ጠበቁ። የፈተናው ውጤት ካሳፈረኝ ይልቅ ይህ አሳፈረኝ።

በማግሥቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን ሁሉን ከሰሙ በኋላ «ስታጠና መጽሐፉን ዘግተህ ትወጣዋለህ ወይስ እያየህ ታነባለህ?» ብለው ጠየቁኝ። ዝም አልሁ። የማጠናው በቀለም ያሰመርሁበትን መስመር ደግሜ ደጋግሜ በማየት ነበር፤ ሳየው የማውቀው ይመስለኛል። «እኛ የትናንቱን በቃላችን ሳንወጣ የዛሬውን አንቀጽልም ነበር» አሉ። ቀጥለውም «ስእለቱን ተወው፣ መጋረጃ አለን። አሁን ሂድና ብላ፤ ተኛ፤ እሑድ ና» አሉኝ። ነቢዩ ኤልያስ ከዛፍ ሥር ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አስቀድሞ እንጎቻና ውኃ እንዳቀረበለት፣ በልቶም ደግሞ እንዲተኛ እንደ ተወው ያስታወስሁት ወደ ቤት ስመለስ ነው (1ኛ ነገ. 19)።

አንዳንድ ወዳጆቼ «አገልግሎት አበዛህ፤ የጣለህ እርሱ ነው» ይሉኝ ነበር። ይህን በቍጣ ከመመለስ ይልቅ ሰዓቴን በወረቀት ጻፍሁት። ቅዳሴውና ማኅሌቱ ከሳምንቱ የወሰዱት ጥቂት ነው፤ ስልኬ የወሰደው ይበልጣል። ነገር ግን ሌላም አገኘሁ፤ የማልወደው ትምህርት ሲከብደኝ «ስብሰባ አለብኝ» እያልሁ የማይመለከተኝ ኮሚቴ ሁሉ ውስጥ እገባ ነበር። አገልግሎትን መሸሸጊያ ማድረግ እንደሚቻል ማንም አልነገረኝም ነበር፤ እናንተ ተማሪዎች የሆናችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድሞችና እኅቶች ይህን በራሳችሁ መርምሩት።

አሁን የስሕተት ደብተር አለኝ። የሳትሁትን ጥያቄ ሁሉ፣ ለምን እንደ ሳትሁት ጭምር እጽፍበታለሁ። ከፊተኞቹ ገጾች በአንዱ ላይ ማግኒዝየም ሰልፌት ተጽፏል። በእርግዝና ምክንያት የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ለሚያንቀጠቅጣት እናት የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በሆስፒታል ሳለሁ እንደ ታዘዝሁ ሰጥቼዋለሁ፤ የጉልበቷን ሪፍሌክስም በመዶሻ መትቼ ጽፌአለሁ። ለምን እንደምመታው ግን አላውቅም ነበር፤ በፈተናውም ሳትሁት። ያን ቀን አጠገቧ ቆሜ እንደ ነበር ሳስብ ፈተናው በእኔ ላይ የተሠራ ግፍ ነው ማለቴን ተውሁ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ሲያከብር ስለ ጸሎቱም ስለ ጥበቡም ይናገራል። እኔ ጸሎቱን ይዤ ጥበቡን በስእለት ልገዛው ፈልጌ ነበር።

ወደ ቅዳሴ ተመልሻለሁ። «ዶክተር» ብለው የሚጠሩኝ አሁንም አሉ፤ «ገና ነኝ» እላቸዋለሁ፤ የመጀመሪያው ቀን ከበደኝ፤ ከዚያ ወዲህ ቀሏል።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ያ ወጣት ዲያቆን የስሕተት ደብተሬን ይዞ ይጠይቀኝ ጀመር። የመድኃኒቶቹን ስም እያጣመመ ያነባል። «ጉልበቷ ለምንድን ነው የሚመታው?» አለኝ። መድኃኒቱ በሰውነቷ ሲበዛ ትንፋሿ ከመድከሙ አስቀድሞ የጉልበቷ ምላሽ እንደሚጠፋ፣ መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ሽንቷም እንደሚለካ፣ ማርከሻውም ካልሲየም ግሉኮኔት እንደ ሆነ ደብተሩን ሳላይ ነገርሁት። ገጹን ገልጦ ቀጣዩን ጠየቀኝ። አላወቅሁትም። በእርሳስ ምልክት አደረገበትና ወደሚከተለው አለፈ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።