የደረቀው ኮምፒዩተርና የተከሰሰው አፕዴት

ሰው ዕቃ ሲበላሽበት አስቀድሞ የሚጠይቀው «በቅርቡ ምን ነካው?» ብሎ ነው። ጥያቄው መልካም ነው፤ ክፉ የሚሆነው መልሱን እንደ ፍርድ የተቀበሉት እንደ ሆነ ነው። በእኛም መካከል፥ እዚህ አርባ ምንጭ፥ በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ፍርድ ተሰጥቶ ነበር። ተከሳሹ ሰው አልነበረም፤ ዊንዶውስ 10 የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት መደበኛ ድጋፉ ባበቃበት ቀን፥ ማለት ጥቅምት 4፥ የወጣው አፕዴት ነበር።

እኛ አራት የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን። ገንዘብ አዋጥተን የገዛነው አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ አለን፤ በተራ እንጽፍበታለን። በውስጡ ለመመረቂያ ጽሑፋችን ከዶርዜና ከጨንቻ አዛውንቶች የሰበሰብነው 31 የድምፅ ቅጂ ነበረ። አዛውንቶቹ የሚናገሩት ስለ ዱቡሻ ነው፤ ይኸውም የጋሞ ሕዝብ ስለሚሰበሰብበት፥ ጠብ ስለሚታረቅበትና ሕግ ስለሚመከርበት አደባባይ። ከተናጋሪዎቹ አንዱ አዛውንት ድምፃቸውን ከቀዳን በኋላ አርፈዋል።

አፕዴቱ በገባ በሦስተኛው ቀን ኮምፒዩተሩ ደርቆ ቀረ፤ ተማሪው «ስታክ አደረገ» የሚለው ማለት ነው። ፊደል እየመታን ሳለ ጽሑፉ ይቆማል። የማውሱ ቀስት ለጥቂት ጊዜ ይንቀሳቀሳል፥ የተነካው ነገር ግን አይከፈትም፤ የዲስኩም መብራት ያለ ማቋረጥ ይበራል። አንዳንድ ጊዜ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነፍስ ይዘራል፤ ሌላ ጊዜ ቁልፉን ተጭኖ ከማጥፋት በቀር መላ የለውም። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ይደርቅና ሁለት ቀን ምንም አይነካውም። ሰዓት የሚያከብር ብልሽት ቢሆን ኖሮ ቶሎ በተያዘ ነበር።

ሲቀላ ወርደን ለአንድ የጥገና ሠራተኛ አሳየነው። አየት አድርጎ «አፕዴት ነው ያበላሸው፤ ፎርማት ይደረግና ነገ ትወስዱታላችሁ» አለን። «ፋይሎቹስ?» ብንለው «ፎርማት እኮ ነው ያልኳችሁ» አለ። ለእርሱ ነገሩ አልቋል። ፎርማት በዛሬ ጊዜ እንደ ዱሮ መርፌ ሆኗል፤ ለራስ ምታትም ለሆድ ቁርጠትም ይታዘዛል። ኮምፒዩተራችንን አቅፈን ሽቅብ ወደ ሴቻ ተመለስን።

እውነቱን ለመናገር አፕዴትን መጠርጠር ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2016 የወጣው የዊንዶውስ 10 አፕዴት፥ ሥርዓቱ በኤስኤስዲ ላይ፥ ፕሮግራሙና ፋይሉ ግን በሌላ ዲስክ ላይ የነበሩትን አንዳንድ ኮምፒዩተሮች ያደርቃቸው እንደ ነበር ሠሪው ማይክሮሶፍት ራሱ አምኗል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 30 ቀን 2018 የወጣው ደግሞ በአንዳንድ ኮምፒዩተሮች ላይ ክሮምን የመሳሰለ ፕሮግራም ሲከፈት ያደርቅ ስለ ነበር፥ በሜይ 8 ማረሚያ ተለቀቀለት። ስለዚህ ተከሳሹ ቀድሞም የተፈረደበት ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ቀድሞ የተፈረደበትን ሰው ዛሬ ለጠፋው በግ ሁሉ የሚያስር ዳኛ፥ ሌባውን በሰላም እንዲተኛ ያደርገዋል።

እኛም አንድ ደንብ አወጣን፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጣለን፥ የደረቀበትንም ቀንና ሰዓት በደብተር እንጽፋለን። ሁለት ነገር አንድ ላይ ለውጦ ቢድን የትኛው እንዳዳነው ማን ይነግረናል?

መጀመሪያ የተጠረጠረው ሙቀት ነው። አርባ ምንጭ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፥ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ያለች ቆላ ናትና፥ በቀትር ላፕቶፕ ጭን ላይ እንደ ምጣድ ይግላል። ማራገቢያውን ከአቧራ ብናጸዳው አልተለወጠም። ከዚያ የጨንቻዋ ጓደኛችን ለቅዳሜና እሑድ ወደ ቤቷ ይዛው ወጣች። ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፥ ጉም የማይለያት አገር ናት። እዚያም ጋቢ ተከናንባ ስትጽፍ ልክ እንደ ቆላው ደረቀባት። ሙቀት በነጻ ተለቀቀ።

እዚያው ሳለች አያቷ ነገሩን ሰምተው «ምን ጎሜ ሠራችሁ?» ብለው ጠየቋት። ጎሜ በጋሞ ዘንድ የክልክል መጣስ ነው፤ በሽታ ወይም ሌላ መከራ ሲመጣ የትኛው ክልክል እንደ ተጣሰ ይመረመራል። ስትነግረን ሁላችንም ስቀን ነበር። ነገር ግን የአያቲቱ ጥያቄ ከሲቀላው ፍርድ የሰፋ ነው። ጎሜ የግድ የትናንት ሥራ አይደለምና፤ ከአባት ለልጅ የተላለፈም ሊሆን ይችላል ይባላል።

ኤሌክትሪኩን ለመፈተን ከሶኬቱ ነቅለን በባትሪ ሠራን፤ ደረቀ። ራሙን ዊንዶውስ ራሱ በያዘው መመርመሪያ ፈተንነው፤ እንከን አልተገኘበትም። ቀጥለን አፕዴቱን አራገፍነው። አንድ ቀን፥ ሁለት ቀን፥ አራት ቀን ሳይደርቅ ቆየ። ከመካከላችን ሁለቱ «አላልናችሁም?» ብለው በድል አድራጊነት ሻይ ጋበዙን። በአምስተኛው ቀን ማታ ደረቀ።

በዚህ ላይ ጥቂት መቆም ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ከቀድሞም ሁለት ቀን ዝም የሚል ብልሽት አራት ቀን ዝም ቢል ምን ያስደንቃል? አራት ቀን ባይዘንብ ክረምቱ ወጣ አይባልም። ብልሽቱ ያለ ቀጠሮ የሚመጣ ከሆነ፥ የዳነ መሆኑን ለማመን ታሞ በነበረ ጊዜ ከቆየበት ከረጅሙ ዝምታ እጅግ የረዘመ ጊዜ መታገሥ ግድ ነው። ያ ሻይ አምስት ቀን ቢዘገይ ኖሮ ባልተጠጣም ነበር።

ከዚህ በኋላ ምስክር ወደ መስማት ገባን። ዊንዶውስ ኢቬንት ቪውወር የሚባል የውሎ መዝገብ አለው። መዝገቡ ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል፥ ቀኑም የፈረንጅ ነው፤ ደብተራችን ግን በእኛ አቆጣጠር ተጽፏል። ስለዚህ «ጥቅምት 18፥ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል» ያልነውን «ኦክቶበር 28፥ 2:30 ፒኤም» ከሚለው ዘንድ ፈለግነው። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ የሆነ ሰው በመካከላችን ባለመኖሩ ስሌቱ አንድ ምሽት ፈጀብን።

በመዝገቡ ውስጥ በቀይ ጎልቶ የሚታየው ቁጥር 41 ነው። እርሱን ያየ ሁሉ ጥፋቱን ያገኘ ይመስለዋል። ዳሩ ግን 41 የሚለው «ኮምፒዩተሩ በወጉ ሳይዘጋ ጠፋ» ብቻ ነው፤ ቁልፉን ተጭኖ ያጠፋው የራሳችን ጣት ስለ ሆነ ቁጥሩ የሚያሳየው የእኛን አሻራ ነው። ከእርሱ በፊት ያሉትን ደቂቃዎች ብናነብ ግን 153 እና 7 የሚሉ ቁጥሮች ተደርድረዋል። 153 ዲስኩ የተጠየቀውን በጊዜው ስላልመለሰ ጥያቄው ተደገመ ማለት ነው፤ 7 ደግሞ በዲስኩ ላይ የተበላሸ ቦታ አለ ማለት ነው። በደብተራችን ከተመዘገቡት 11 ድርቀቶች በ9ኙ አጠገብ አገኘናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክርነት ግን የመጀመሪያው 153 የተጻፈበት ቀን ነው፤ በመስከረም፥ አፕዴቱ ከመውጣቱ ሦስት ሳምንት ቀድሞ!

ዲስኩ ስማርት የሚባል የራሱ መቁጠሪያ አለው። ከ21,000 ሰዓት በላይ እንደ ሠራ ይናገራል፤ እኛ ከገዛነው ወዲህ ሁለት ሺህ እንኳ አይሞላም። ጎሜው ከእኛ በፊት ከነበረው ባለቤት የወረስነው ነበር።

ታዲያ ለምን ከአፕዴቱ በኋላ ባሰበት? የአሮጌው ዲስክ ልብ የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ የሚያነብለት ጭንቅላት በሳህኑ ላይ ይመላለሳል። በአንዱ ቦታ ማንበብ ሲያቅተው ደጋግሞ ይሞክራል፥ ሥርዓቱም መልሱን ቆሞ ይጠብቃል፤ ድርቀት ያልነው ይህን መጠበቅ ነው። አፕዴት ሲገባ ብዙ ፋይል ይጻፋል፥ ከበስተኋላም የሚፈትሽና የሚመዘግብ ሥራ ይበዛል፤ ስለዚህ ለወራት ማንም ያልደረሰበት የሳህኑ ጥግ ይነካል። ተከሳሹን በፍጹም ንጹሕ ነህ ብለን አላሰናበትነውም፤ ቀዳዳውን ጀልባ ወደ ጫሞ መካከል የቀዘፈው እርሱ ነው። ቀዳዳው ግን የእርሱ ሥራ አይደለም።

የጥገና ሠራተኛው ምክር ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ፥ ፎርማቱ ድምፆቹን አጥፍቶ የታመመውን ዲስክ እንዳለ ይመልስልን ነበር።

የመጨረሻው ክርክር ከሁሉ የከረረ ሆነ። አንዱ ጓደኛችን ቼክዲስክ የሚባለውን ማረሚያ እናስኪድ አለ፤ ሦስታችን እምቢ አልን። ማረሚያው ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያስሮጠዋልና፥ በሚያጣጥር ዲስክ ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ይወጣል እንጂ ጥገና አይጀመርም። ውጫዊ ዲስክ ተዋስን። ያረፉት አዛውንት ቃል ከሁሉ በፊት እንዲገለበጥ ተስማማን። ቅጂው 47 ደቂቃ ነው፤ ሲገለበጥ መስመሩ በመካከሉ ቆመ፥ የዲስኩም መብራት እንደ ልማዱ በርቶ ቀረ። ማናችንም አልተነፈስንም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተንቀሳቅሶ አለቀ። ከፍተን ብንሰማው ሳላቸው እንኳ ሳይቀር ሙሉ ነው።

ከቀሩት 30 መካከል 28ቱ በደኅና ወጡ፥ አንዱ በሦስተኛው ሙከራ ወጣ፥ አንዱ እምቢ አለ። የወር ወጪያችንን ቆርጠን ኤስኤስዲ ገዛን፤ ዊንዶውሱን እንደ ገና ጫንን፤ የተከሰሰውንም አፕዴት መልሰን አስገባነው፥ ከእርሱ በኋላ መደበኛ ጥበቃ የለምና። ይህን እስከ ጻፍንበት ቀን ድረስ ሰባት ሳምንት ሳይደርቅ ሠርቷል፤ ሻይ ግን ገና አልተጋበዝንም።

እምቢ ያለው ቅጂ የአንድ የዶርዜ ሸማኔ ነው። እርሳቸው በሕይወት አሉ፤ ብንልክባቸው «ያን ቀን ያልነገርኳችሁም አለና ኑ» ብለዋል። በመጪው ቅዳሜ ሁለት ስልክ ይዘን እንወጣለን።